ከቀጣዩ ስብሰባ በፊት አንድ የቤት ሥራ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

በሚቀጥለው ስብሰባ የምንወያየው በሥራ ቦታ ስላለን የመምራት ችሎታ ነው። ለራስ ነጥብ መስጠት ቀላል ነው፤ ችግሩ ለራሳችን ደግ ፈራጆች መሆናችን ላይ ነው። እኔ ራሴ ጥሩ አድማጭ ነኝ ብዬ አምን ነበር፣ አንድ ባልደረባዬ «ስናወራህ እኮ ዓይንህ ስልክህ ላይ ነው» እስኪለኝ ድረስ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪ ኢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረቡት «የጆሃሪ መስኮት» የተባለው ራስን የማወቂያ ሞዴል ሌሎች የሚያዩብንን፣ እኛ ግን የማናየውን ክፍል ለብቻው ያስቀምጠዋል። እሱን ለማየት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አለቃችሁን፣ አንድ እኩያችሁንና ከእናንተ በታች የሚሠራ አንድ ሰው ጠይቁ፦ «ባለፈው ወር እኔ ሥራ ያከበድኩት የት ላይ ነው?» «እንዴት ነኝ?» ካላችሁ የምታገኙት ምስጋና ብቻ ነው። ለመናገር ይበልጥ የሚከብደው የበታች ሠራተኛ ነውና ሲናገር አትከራከሩት። ጻፉ፣ አመስግኑ።

ከመልሶቹ አንዱን ብቻ ምረጡ። «የተሻለ መሪ እሆናለሁ» የሚለው አይለካም፤ «በስብሰባ ላይ ሐሳቤን የምሰጠው ሌሎች ከተናገሩ በኋላ ነው» የሚለው ግን ይቆጠራል። ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የመላሾቹን ስም ግን አታስፍሩበት።