ልብስ ጠባቂው ጎበዝ፦ የመዝሙር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መስከረም ላይ የመዝሙር ክበቡን ተረከብኩ። ተረከብኩ ስል አንድ ከበሮ፣ ሦስት ጸናጽል፣ አንድ አሮጌ በገናና 26 ተማሪዎች ማለቴ ነው። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ዜማ አላውቅም። ትምህርት ቤታችን የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከአጥቢያው ደብር አንድ መሪጌታ በሳምንት አንድ ቀን ይመጡልናል። ዜማው የእሳቸው፣ ግጥሙ የእኔ ድርሻ ሆነ።

የመጀመሪያው ጣጣ ከበሮው ነበር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጠዋት ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። የከበሮው ቆዳ እርጥበት ይስብና ይረግባል። ሲመቱት እንደ ትራስ ነው። ልጆቹ ከጥናት በፊት ፀሐይ ላይ ማስጣት ጀመሩ። ሰንበት ብሎ አንድ ተረኛ መደብን፤ ማዕረጉም «ከበሮ አስጪ» ተባለ።

የዓመቱን ርዕስ ተማሪዎቹ ራሳቸው መረጡ፤ ሰማዕታት። ጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ስለሆነ ለዚያ ቀን አንድ አዲስ መዝሙር እናድርስ ተባለ። በሳምንቱ የመጀመሪያው ግጥም መጣልኝ። በ20 መስመር ውስጥ «ደም» የሚለውን ቃል ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። ሰይፉ፣ ጎራዴው፣ ችንካሩ ሁሉ አለ። የጠፋው እስጢፋኖስ ብቻ ነው። እሱ የሞተው ደግሞ በድንጋይ ተወግሮ ነው፤ ሰይፉ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። ማንም ስንኝ ከመቋጠሩ በፊት ምዕራፉን አንብቦ በራሱ አፍ ለክበቡ ይተርካል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7ን በዚህ መንገድ ሦስት ሳምንት ተቀመጥንበት። ረጅም ምዕራፍ ነው፤ አብዛኛው የእስጢፋኖስ ንግግር ነው። ልጆቹ መሀል ላይ ማዛጋታቸውን አልደብቅም።

ቁጥር 58 ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ነቃ። ምስክሮቹ ልብሳቸውን ያኖሩት «ሳውል በሚሉት በአንድ ጎበዝ እግር አጠገብ» ነው ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እነሱ ጎበዝ የሚሉት ፈተና ደፍኖ የሚወጣውን ነዋ! ቃሉ እዚህ ወጣት፣ ጎልማሳ ማለት እንደሆነ አስረዳሁ። ሳቁ ሲበርድ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሳውል ግን ድንጋይ አልወረወረም አይደል? ልብስ ነው የጠበቀው።»

የዓመቱ ምርጥ ክርክር የተነሳው ከዚህ ነው። ልብስ የጠበቀ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? ግማሹ ነፃ አወጣው፣ ግማሹ ፈረደበት። ሰማዕት የሚለው የግዕዝ ቃል ምስክር ማለት ነው ስላቸው ደግሞ ነገሩ ተወሳሰበ። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምስክር ተገኘ፤ ድንጋይ የሚወረውረውና የሚወረወርበት።

መዝሙሩ በሳውል አንደበት ይሁን የሚል ሐሳብ ያኔ መጣ። መሪጌታ አልወደዱትም። «መዝሙር ምስጋና ነው ልጄ፤ ተረት አይደለም» አሉኝ። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ያዳነችን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ምዕራፍ 22ን አግኝታ መጣች። እዚያ ጳውሎስ ራሱ (ያው ሳውል ነው፤ በኋላ የተጠራበት ስሙ) በጸሎት ውስጥ፣ የገዳዮቹን ልብስ እየጠበቀ ተስማምቶ ቆሞ እንደነበር ይናዘዛል። መሪጌታ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እሱ ካለው እናንተም በሉት» ብለው ዜማውን ሠሩልን። ጥር 1 ተዘመረ። አንዱ ስንኝ ላይ ተደነቃቅፈናል፤ ለጆሮ አልተሰማም ብለው ያጽናኑኝ ነበሩ፤ ተሰምቷል።

በዐቢይ ጾም ከበሮው አረፈ፣ አስጪውም አብሮ። በገናው ብቻ ቀረ። ልጆቹ ይሰለቻሉ ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። ከበሮ ስንኝ ይሸፍናል። ከበሮ ሲጠፋ ደካማ መስመር እርቃኑን ይቀራል። ሦስት ግጥም ራሳቸው ቀደው ጣሉ። የተረፈው የሠለስቱ ደቂቅ ነው፤ ንጉሡ ላሠራው ምስል አንሰግድም ብለው እቶን እሳት ውስጥ የተጣሉት የሦስቱ ወጣቶች፣ ከዳንኤል ምዕራፍ 3። አዝማቹ ይኸው፦

ቢያድነን ይችላል፣ ባያድነንም
ለሠራኸው ምስል እኛ አንሰግድም።

ሰባት እጥፍ ስለነደደው እቶን የተጻፉት ስንኞች ተሰርዘው ይህች «ባያድነንም» መቅረቷ ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ውጤት ነው።

ግንቦት ከበደን። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው። በዚያ በዓል ሰሞን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ሰነድ 297 መነኮሳት ይላል፤ ቀናት ቆይቶም 129 ዲያቆናት። የፍቼው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑትም ከዚያ በፊት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሁሉም የእኛው የሸዋ ታሪክ ነው። ዲያቆናቱ የተገደሉት እዚሁ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ መሆኑን ስነግራቸው ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ከክበባችን አራቱ ዲያቆናት ናቸው።

አንደኛው ጽፎ ያመጣው ግጥም የበቀል ነበር። ስንኙ ቆንጆ ነው፤ እኔ ከምጽፈው ይሻላል። ጓደኛው ግን «ጥር ላይ ምን ብለን ነው የዘመርነው?» አለው። የእስጢፋኖስ የመጨረሻ ቃል «ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ነዋ። ልጁ ተቆጣ። «እሱ ስለ ራሱ ገዳዮች ነው የለመነው። እኔ በሌላ ሰው ሞት ምን አገባኝና ይቅር እላለሁ?» መልስ አልነበረኝም። ይቅር በል አላልኩትም፤ ያን ማለት የእኔ ሥልጣን አልመሰለኝም። መጨረሻ ላይ በቀሉም ይቅርታውም ወጥቶ፣ 129 የሚለው ቁጥርና «ጌታ ሆይ» ብቻ የሚደጋገምበት አጭር መዝሙር ሆነ። በሰልፍ ሰዓት ዘመሩት። ደብረ ሊባኖስ ሄደን ብንዘምረው ደስ ባለን፤ የመኪና ገንዘብ አልሞላልንም።

ሰባት ልጆች ዘንድሮ 12ኛን ጨርሰው ይሄዳሉ፤ ከበሮ አስጪውም ከእነሱ ጋር ነው። የግጥም ደብተሩ፣ ከነተሰረዘው፣ ለ9ኛዋ ተማሪ ተሰጥቷል። ከበገናው ዐሥር ክሮች ሁለቱ ተበጥሰዋል። ክሩ ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው። ደብረ ብርሃን ላይ በግ አይጠፋም፤ ያጣነው ፈትሎ የሚሰጠን ሰው ነው። የምታውቁት ባለሙያ ካለ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ጠቁሙኝ።