ዕጩ የስፖርት መምህራንን በጊዜ ወደ ሜዳ ላኩልን

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ የመምህራን ሥልጠና ለሚመለከታችሁ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት መምህር ነኝ። ወረቀት ላይ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ይባላል፣ ለልጆቹ ግን ያው የስፖርት ቲቸር ነኝ።

ሥራ የጀመርኩበትን ቀን ልንገራችሁ። 60 ምናምን የአምስተኛ ክፍል ልጆች፣ ሁለት ኳስ፣ አንዱ የተነፈሰ። የኳስ ቅብብል ላስተምር ዕቅዴን በሦስት ቀለም አሳምሬ ጽፌ ወጥቻለሁ። ፊሽካ ነፋሁ። ተሰለፉ ማለቴ ነበር፤ እነሱ ግን ጨዋታ የተጀመረ መስሏቸው ሁሉም ኳሷ ላይ ሰፈሩባት። አንዱ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፣ የሒሳብ መምህሯ በመስኮት ብቅ ብላ «ኧረ በፈጠራችሁ!» አለች፣ ቀሚስ የለበሱት ሴቶች ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ያዩኛል፣ እኔ ድምፄ እስኪዘጋ እጮኻለሁ። 40 ደቂቃው አለቀ። ምንም አላስተማርኩም።

ዲግሪ ነበረኝ እኮ! የጡንቻ ስም ብትጠይቁኝ አንድም አልስትም። ልጆች ፊት የቆምኩት ግን ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ገምጋሚውም ሁለቴ መጥቶ ቅጹን ሞልቶ ሄደ።

ያወጡኝ ጡረታ የደረሱ አንድ ጋሼ ናቸው። «ፀሐዩን አንተ ተቀበል፣ ልጆቹ ጀርባቸውን ይስጡት። አንተ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ፣ ሁሉንም ታያለህ። ተናግረህ ሳትጨርስ ደግሞ ኳስ እንዳትሰጥ» አሉኝ። ይቺን ክፍል ውስጥ ቢነግሩኝ እንኳ ጽፌ ፈተና ላይ እመልሳት ነበር እንጂ አትገባኝም።

አዲስ ነገር አላመጣሁም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴሶ የሚባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ሲጀመር ዕጩ መምህራን ቀደም ብለው ከትምህርት ቤት እንዲገናኙ ታስቦ ነበር። ኋላ ፒጂዲቲ መጣና መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ ሆነ። ዕጩው ማስተማር ይወድ አይወድ የሚያውቀው ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ሆነ ማለት ነው። በእኛ ሙያ ደግሞ ይብሳል፣ አብረውኝ ከተማሩት ስንቱ አሰልጣኝ እሆናለሁ ብሎ መሰላችሁ የገባው።

እና የምለው፣ ዕጩ መምህራን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሳምንት ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ይዋሉ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ አትስጧቸው። ለ20 ልጅ የ10 ደቂቃ ማሟሟቂያ ለጀማሪ ይበቃል፣ እሱም ያልበዋል። የሚቀበላቸው ነባር መምህር ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት፤ ሙሉ ጫናውን ተሸክሞ ሌላ ሰው ያሠልጥን ማለት ቀልድ ነው። ደግሞ የታክሲ ይታሰብላቸው፣ በባዶ ሆዱ ተጉዞ የሚዘል የለም። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል አይደል? ከዚያ ጀምሩት።

እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሜዳ ነኝ። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ላኩልኝ። ፊሽካ ይዞ ይምጣ፣ የእኔ ተሰብሯል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስፖርት መምህር