የገና አባትን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ማሙሽስ? እኔ ጉልበቴን ብርድ ሲነካው ከማመሙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጓሮዋ ቡና ቀልታለች፤ የጠፋው ለቅሞ የሚያደርቅ እጅ ነው።

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ አልወደድኩም። የማሙሽ መዋዕለ ሕፃናት «ስጦታ ጠቅልላችሁ፣ የልጁን ስም ጽፋችሁ በምስጢር አስረክቡ፤ የገና አባት ያድላል» የሚል ወረቀት ላከብሽ። አንቺም «እማዬ፣ ያን ጊዜ እኔን ከገና አባቱ በዓል ለምን አስቀረሽኝ?» አልሽኝ። በድምፅሽ ውስጥ የቆየ ቅያሜ ሰምቻለሁ። ቅያሜሽ ተገቢ ነው፤ ነገሩን ግን ከሥሩ አታውቂውም።

1992 ዓ.ም. ነበር፣ አንቺ አምስት ዓመትሽ። ሂርማታ ገበያ አጠገብ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ቀይ የቴትረን ጨርቅና አንድ የፖስታ ካርድ ይዘው መጡ። «ይህን የመሰለ ልብስ ስፊልን፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። የሚለብሰው ዘበኛው ነው። ታስታውሽዋለሽ፣ ጠዋት ጠዋት እጅሽን ይዞ በር የሚያሻግርሽን? ልኬቱን ስወስድ እንደ ሙሽራ ያፍር ነበር። ከሲታ ስለሆነ ሆዱ ላይ ትራስ እንዲታሰር ተስማማን። ጢሙ ከፋርማሲ የተገዛ ጥጥ ነው፤ ከዚያው ጥጥ ላይ ቆንጥረው «በረዶ» ብለው መስኮቱ ላይ ለጠፉት። በታኅሣሥ ፀሐይ፣ ጅማ ላይ! ቀይና አረንጓዴ ከፈለጉ ደግሞ በየጓሮው የቡናው ዛፍ ፍሬውን ተሸክሞ ቆሞ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

እስከዚህ ድረስ እኔም እየሳቅኩ ነው የሰፋሁት። እንዲያውም አንቺ ስታይው እንዴት እንደምትሆኚ እያሰብኩ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ደግሜ ተከልኩት።

ልብሱን ላስረክብ ቢሮ ስገባ ግን ወላጅ ያመጣው ጥቅል ጥግ ላይ ተከምሮ አየሁ። አንዱ ጆንያ ያህላል፤ አንዱ የክብሪት ቀፎ። የቡና ነጋዴው ልጅ ስም ከላይ፣ በትልቁ ላይ። ያንቺ መሐል ነበረ፣ አንዲት አሻንጉሊት። የወለል ጠራጊዋ ልጅ ደግሞ በነጻ ነበር የሚማረው፤ ስሙን ፈለግኩት፣ የለም። መምህራኑ ደግሞ ለሳምንታት «የገና አባት የሚመጣው ጎበዝ ለሆነ ልጅ ብቻ ነው» ሲሏችሁ ሰንብተዋል። እንግዲህ ያ ልጅ ምን ብሎ ወደ ቤቱ ይሂድ? «ነጋዴው ሀብታም ስለሆነ» አይልም፤ ስለ ብር ገና አያውቅም። «እኔ መጥፎ ስለሆንኩ» ነው የሚለው።

በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። የዚህ ሁሉ መነሻ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው አሉኝ፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፣ የሜራ ጳጳስ የነበረ። ሦስት ሴት ልጆቹን የሚድርበት ያጣ ድሀ ቤት በሌሊት ሄዶ፣ ማንም ሳያየው ወርቅ ወርውሮ ይመለስ ነበር ይባላል። ያ ለድሀው በስውር፣ ይኼኛው ለባለጸጋው ልጅ በጭብጨባ። ቀዩን ካፖርትና ቦርጩን ከ1931 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የኮካ ኮላ ማስታወቂያ ይበልጥ በዓለም እንዳስለመደው ደግሞ ራስሽ ነሽ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የነገርሽኝ።

በዓሉ ታኅሣሥ 14 አርብ ዋለ፣ በፈረንጆቹ ዋዜማ። አስቀረሁሽ። ሰው ጾም ስለሆነ ነው አለ፤ ጾመ ነቢያት ነበር፣ ግን ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም አይያዝበትም፤ ኬኩ አላሳሰበኝም። ጎረቤታችንም ልጇን አስቀርታ ነበር። እሷ ረመዳን ይዛለች፣ እኔም የራሴን። ሁለት ጿሚ ሴቶች ያለ ቡና ደጃፍ ላይ ተቀምጠን፣ እናንተ ባዶ ጣሳ ስታንከባልሉ ዋልን። ፀሐይ ጠልቃ አዛን ሲሰማ እሷ በተምር አፈጠረች፤ ጀበናው የተጣደው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድም ቃል አልተናገርኩም። የስፌቴን ዋጋ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ የጠራጊዋን ልጅ እዚያው ትቼ የራሴን ልጅ ብቻ አወጣሁ። ለኃላፊዋ «ስጦታው ለሁሉም እኩል ይሁን» ማለት አቅቶኝ አልነበረም፤ ደንበኛ እንዳላጣ ፈርቼ ነው።

ሰኞ እያለቀስሽ መጣሽ። «ባለጌ ስለሆንሽ ነው ያልመጣልሽ» ብለውሻል። ደሜ ፈላ። ከስፌት መኪናዬ ሥር ቀዩን ቁራጭ ጨርቅ ስቤ «ይኸው፣ ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የለበሰው ዘበኛው ነው» አልኩሽ። ዝም ብለሽ ቁራጩን አገላበጥሽ። ከዚያ ምን ብለሽ እንደጠየቅሽኝ ትዝ ይልሻል?

«አያ ጅቦንስ ማን ሰፋለት?»

አያትሽ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በየማታው «ተኚ፣ አያ ጅቦ ይመጣል» የሚሉሽ እሳቸው ነበሩ። እኔም መልስ አጣሁ። እውነት እነግራታለሁ ብዬ የተነሣሁት ሴት በአያ ጅቦ ሲያስፈራሩሽ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። «አያ ጅቦን እግዚአብሔር ነው የሰፋው» ብዬ አለፍኩት፤ ደግነቱ በዚያው ማታ ጅቡ ከጅሬን ኮረብታ በኩል ጮኸልኝ።

በማግስቱ ቁራጩን ደብተርሽ ውስጥ ይዘሽ ሄደሽ ለክፍሉ ሁሉ አሳየሽ። ያለቀሰ ልጅ ነበር። እናቱ መጥታ «የልጄን ደስታ ማን ሰጠሽና ነጠቅሽ?» አለችኝ፤ አሁንም መልስ የለኝም። የራሴን ልጅ ማስቀረት መብቴ ነው፤ የሌላውን ቤት ምስጢር በአንቺ እጅ መላኬ ግን ከንዴት የመጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ያ መዋዕለ ሕፃናት ሥራ አልሰጠኝም።

ማሙሽን ላኪው ወይም አትላኪው አልልሽም፤ እናቱ አንቺ ነሽ። የምታስቀሪው ከሆነ ግን አስቀድመሽ መምህሯን አነጋግሪ፤ ስጦታው በአንድ ዋጋ ይገዛ፣ መክፈል ያልቻለውንም ሌላው ይሸፍን በያት። ምናልባት ትሰማሽ ይሆናል። ለእሱም እውነቱን ንገሪውና የጓደኞቹን እንዲተውላቸው አስጠንቅቂው። እኔ ያን ሁለተኛውን ረስቼው ነው።

ደግሞ በዚያ ዓመት ያለ በዓል የቀረሽ አይምሰልሽ። ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ ገና ታኅሣሥ 28 ዋለ፣ አርብ፤ ኢዱ በማግስቱ ቅዳሜ። ቄጤማ ጎዘጎዝን፤ አባትሽ የወይራ ቅርንጫፍ አጉብጦ የገና ዱላ ሠራልሽ፣ ሴት ልጅ ገና አትጫወትም የሚለውን ሁሉ አላየሁም አልሰማሁም ብሎ። ሁለት ዶሮ ነበረን፤ አንዱን አባትሽ፣ ለጎረቤቶቻችን የሚሆነውን የራሳቸው አባወራ ባረከው። ድርሻቸው በማፍጠሪያ ሰዓት ደረሰላቸው። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በትሪ ይዛልን የመጣችው ልጃቸው ናት፤ ያንን ቀሚስም የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ግን በምስጢር አልነበረም።

ቡናው ሲደርቅ ሁለት ኪሎ በሰው እልክልሻለሁ። አንቺም የማሙሽን ልኬት ቶሎ ላኪልኝ፤ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ክንዱን፣ ደረቱን። ለገና የሀገር ልብስ ልሰፋለት ነው። እጅጌውን ረዘም አድርጌ አጥፈዋለሁ፤ ለከርሞ ትፈቺዋለሽ።

እናትሽ