ለልጄ ለዘሀራ፣ ከደሴ

ልጄ ዘሀራ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴም እንደተውሻት ናት፤ ጠዋት ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ይሸፍነዋል፣ ረፋዱ ላይ ይገፈፋል። እናትሽ በርበሬሽን አስፈጭታ ወደዚያ የሚመጣ ሰው እየጠበቀች ነው።

ቅዳሜ ስትደውዪ፣ «ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እዚህ እንግሊዝ አገር ቻርማውዝ የሚባል የባሕር ዳርቻ ወርደን ቅሪተ አካል ልንፈልግ ነው» ስትይኝ ዝም ማለቴን ሳትታዘቢኝ አልቀረሽም። ከፍቶኝ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በጠመኔ ስሥለው የኖርኩትን ነገር አንቺ በእጅሽ ልትይዢው ነው፤ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። በደብዳቤ ይሻለኛል ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

ከሁሉ በፊት ገደሉን ራቂልኝ። የዚያ ዳርቻ ገደል እንደኛ ጦሳ ጥቁር ድንጋይ አይደለም፤ ጭቃ የበዛበት፣ ዝናብ ሲጠግብ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚናድ ነው። ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ መሬት ሲንሸራተት ምን እንደሚያደርግ እያየሽ ነው ያደግሽው። ከቻርማውዝ ጎን ባለች፣ ላይም ሪጂስ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1799 የተወለደች ሜሪ አኒንግ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ አናጺ ነበር፤ እሱ ሲሞት ገና የ11 ዓመት ልጅ ናት። ቤተሰቡ ከዳርቻው የለቀመውን ቅሪተ አካል ለእንግዳ እየሸጠ ነበር የሚኖረው። ወንድሟ ጆሴፍ በ1811 የአንድ ትልቅ የባሕር አውሬ ራስ ቅል አገኘ፤ ቀሪውን አካል በዓመቱ ያገኘችው እሷ ናት። ኢክቲዮሰር ይሉታል። በ1823 ደግሞ አንገተ ረጅሙን ፕሌሲዮሰር ሙሉውን አወጣች። ያን ሁሉ ሠርታም የለንደኑ የጂኦሎጂ ማኅበር ሴት አይቀበልም ነበርና አባል ሳትሆን በ1847 ሞተች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን የማነሳት ግን ለሌላ ነው፤ ትሬይ የሚባል ውሻዋ ሁልጊዜ ይከተላት ነበር። በ1833 ገደሉ ተናደና ውሻውን ከአጠገቧ ቀበረው፤ እሷ ለጥቂት ተረፈች። ያን ገደል ከእሷ በላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ባሕሩ ነው። እኛ የምናውቀው ሐይቅ ባለበት የሚቆም ነው። ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱ በየቀኑ ስለሚገፋ የዕለቱን ሠንጠረዥ ሳታዪ እንዳትወርጂ። ውኃው መሸሽ ሲጀምር ውረጂ፣ መመለስ ሳይጀምር ውጪ። በቻርማውዝና በላይም ሪጂስ መካከል ውኃው ገደሉ ድረስ ስለሚሞላ፣ የዘገየ ሰው መውጫ ያጣል።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። መዶሻ አትግዢ፤ ለጀማሪ ዓይን ይበቃል። ዝናብና ማዕበል ቆፍረው ጨርሰውልሻል፤ ከክረምት ወጀብ በኋላ ደግሞ ብዙ ነገር ይወጣል። እናትሽ ምስር ስትለቅም አይተሻታል። ምስሩን አታየውም፤ እጇ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ጠጠሯ ራሷ ዓይኗ ውስጥ ትገባለች። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። አንድ ቦታ ቁጢጥ ብለሽ ቆዪ፣ አትሩጪ። የሙክት ቀንድ መስሎ የተጠቀለለ ካየሽ አሞናይት ነው፤ የጠፋ የጥንት የባሕር እንስሳ ዛጎል ነው። እንደ ጥይት ሾጠጥ ያለው ቤለምናይት ነው፤ የጥንት ስኩዊድ መሰል እንስሳ የውስጥ አካል ነው። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ወርቅ የሚመስል ፓይራይት የሚባል ማዕድን የሆነች አሞናይትም ታገኛለሽ። ፓይራይት ከባድ ነው፤ ማዕበሉ እንደ ሰፌድ እያበጠረ ከባዱን ከከባዱ ጋር ያከማቸዋልና አንዲት ካገኘሽ ከዚያ አትነሺ። ቤት ስትገቢ ጨው በሌለው ውኃ አጥበሽ በደንብ አድርቂያት፤ እርጥበት ካገኛት ውላ አድራ ትፈራርሳለች።

ድንቅነሽም የተገኘችው እንዲሁ በማየት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ ሐዳር ያኔ ወሎ ውስጥ ናት፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ወደዚያው ነው። ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ሌሎች ቀድመው ባዩት ሸለቆ ሲያልፉ፣ ዝናብ ያጋለጣት የክንድ አጥንት ቁራጭ መሬት ላይ ተኝታ አዩ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የጠበቀች ቁራጭ ናት።

ትንሽ ሆነሽ ቦርከና ዳር ጠጠር ስትለቅሚ «አባዬ፣ ውስጡ አጥንት አለ?» ትይኝ ነበር። የለም እልሽ ነበር፤ የኛ ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ስለሆነ ዛጎል አይገኝበትም። መስኮቱ ላይ ያለችውን፣ ጎድን ጎድን ያላትን ዛጎል ግን ታስታውሻታለሽ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አውቶቡሳችን አባይ በረሃ ላይ ሲቆም ኪሴ የከተትኳት ናት። የኛም አገር ባሕር ነበር፤ እሷ የኖረችበት ዘመን ካንቺዎቹ አሞናይቶች ጋር ያው ጁራሲክ ነው፣ የነሱ 195 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን የሷ ከዚያ ያንሳል። መምህሬ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝና «ከየትኛው ንጣፍ ነው ያነሳሃት? ከድልድዩ በላይ ነው በታች?» አሉኝ። አላስታወስኩም። አንድም አልጻፍኩም ነበር። ምንም ሳይሉ መለሱልኝ። ያለ ፈቃድ ማንሳቴም ጥፋት ነበር፤ በቦታዋ ብተዋት ኖሮ ዛሬም ለሚያውቅ ሰው የምትናገረው ነበራት። አሁን አቧራዋን ሳራግፍ ያ ጥያቄ ይመጣብኛል።

ስለዚህ ደብተር ያዢ። አንዲት ድንጋይ ስታነሺ ወዲያው ቀኑን፣ ቦታውን፣ አጠገቧ ምን እንደነበረ ጻፊ፤ ወረቀቱን ከድንጋዩ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ክተቺው። ልቅ ሆኖ ዳርቻው ላይ የወደቀውን ማንሳት እዚያ የተፈቀደ ነው፤ ከገደሉ መፈልፈል ግን የለም። ትልቅ አጥንት ቢገጥምሽ እንዳትነኪው፣ ፎቶ አንሺና እዚያው ዳርቻው ላይ ላለው የቅሪተ አካል ማዕከል አሳዪ።

ለኔ ድንጋይ አትላኪ። የደብተሩን ገጽ በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ይበቃኛል። የምትወርጂበትን ቀንና ውኃው መመለስ የሚጀምርበትንም ሰዓት በኛ አቆጣጠር አድርገሽ ጻፊልኝ። «ወጥቻለሁ» እስክትይኝ ስልኩን ከእጄ አላወርድም።

አባትሽ