ከነጎድጓዱ በፊት ስልካችን ይጩህ

ለኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰፈራችን ሜዳ ዳር ቆሜ የእህቴ ልጅ ኳስ ሲጫወት እያየሁ ነበር። በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ጋ ግን ፀሐይ ነው። ብልጭ አለ። እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ፤ 12 ላይ ስደርስ አጉረመረመ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። መብረቁ 4 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ከደመናው 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ሊወድቅ ይችላል።

«ልጆች፣ ግቡ!» ብል ማን ይስማኝ? «ገና አልዘነበም እኮ!» ዝናቡ ሲጀምር ሮጠው የተጠለሉት የት መሰላችሁ? ሜዳው ጥግ ካለው ረጅም ባሕር ዛፍ ሥር።

ተመስገን፣ ማንም አልተጎዳም።

ትንበያችሁን እከታተላለሁ። «መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል» ስትሉ እውነታችሁን ነው። ግን ክረምት ላይ ይህ ነገር ብዙ ቀን እውነት ነው። ሐምሌን ሙሉ ቤት መዋል አይቻል ነገር። ጉሊት ያለችው እናት፣ ፎቅ ላይ ብረት የሚያስረው የቀን ሠራተኛ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት የሚያስፈልጋቸው የነገው ሳይሆን የአሁኑ ወሬ ነው። መብረቁ አሁን የት ነው? ወዴትስ እየመጣ ነው?

ይህን ማወቅ ይቻላል። የድሮ ሬዲዮ ያለው ሰው ያስታውሳል፤ ብልጭ ባለ ቁጥር ድምፁ ይንጫጫል። መብረቅ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚረጭ ነው። መቀበያ መሣሪያዎች ተራርቀው ሲተከሉ፣ ሞገዱ ለእያንዳንዳቸው የደረሰበት ቅጽበት ተነጻጽሮ ቦታው ይሰላል። ከላይም ዓይን አለ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የአውሮፓ ሜቴዎሳት ሳተላይት ብልጭታን ብቻ የሚከታተል ካሜራ ይዟል፤ አፍሪካንም ያያል። መረጃው ከሰማይ እየወረደ ነው። የቀረው እስከ ጉሊቷ ድረስ ማድረስ ነው።

የምለምነው አጭር የስልክ መልእክት ነው፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ደመናው ለሚቀርበው ሰፈር ብቻ። ለከተማው ሁሉ በየቀኑ ከተላከ ግን በሳምንቱ ማንም አያነበውም።

«ጥንቃቄ ያድርጉ» ብቻም አትበሉን። ምን ዓይነት ጥንቃቄ? ወደ ትልቅ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ወዳለው መኪና ግቡ፣ መስኮቱን ዝጉ በሉን። ባጃጅና የጉሊት ሸራ አያድኑም። ቤት ውስጥም ከቧንቧ ውኃና ሶኬት ላይ ከተሰካ ዕቃ መራቅ ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኛ ልጅ ሳለን የሚነገረን «ቀይ ልብስ አውልቁ» ነበር፤ ዛፉን ያነሳ አልነበረም!

አንድ ነገር ደግሞ በሬዲዮ ደጋግማችሁ ንገሩልን። መብረቅ የመታው ሰው ገላ ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። መንካት አያስይዝም። ልቡ ቆሞ ከሆነ ወዲያው ደረቱን እየተጫኑ አምቡላንስ መጥራት ሊያተርፈው ይችላል። ሰው ግን ይፈራል፤ በፍርሃቱ ደቂቃዎች ያልፋሉ።

ከሰኔ በፊት በልግ አለ። ሚያዝያም ያጉረመርማል፤ ለሙከራ ይመቻል። መጀመሪያ አንድ ክፍለ ከተማ ይበቃል። እንጦጦ ሥር ያለውን ጉለሌን ብትመርጡ፣ የእኛ ሜዳ ፈቃደኛ ነው። መልእክቱን ላኩልን እንጂ ፊሽካውን የምነፋው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉለሌ ነዋሪ