ለጠፋሁብሽ ጓደኛዬ

የኔ ውድ፣

እንዴት ነሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹ መቼም አድገው ይሆናል፣ አሁን ባያቸውም አልለያቸው።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ ልበልሽ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። የመጨረሻ መልእክትሽ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «እዛ ኑሮ እንዴት ነው? እኛም ለመምጣት እያሰብን ነው፣ እውነቱን ንገሪኝ» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ያን ዕለት ማታ «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት። እውነቱን ልጽፍ ስል ደግሞ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ነገ እጽፍላታለሁ አልኩ። ነገ ነገን እየወለደ ይኸው እዚህ ደረስን።

ረስቼሽ አይደለም። አፍሬ ነው። አንቺ የምታውቂኝ ደመወዜን በተቀበልኩ ቀን ከፋፍዬ በየፖስታው ሳስቀምጥ ነው። አብረን በተከራየናት በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ያዥዋ እኔ ነበርኩ፣ ታስታውሻለሽ። አሁን ወሩ ሳይጋመስ እጄ ባዶ እንደሚቀር ላንቺ መንገር ከበደኝ። ገመናዬን ልሸፍን ስል ካንቺም ራቅኩ።

ዛሬ ግን ልንገርሽ።

ይህች ከተማ ስትታይ ታምራለች። ዛፍ አላት፣ ጸጥታ አላት፣ ከትልቁ ከተማም ብዙ አትርቅም። የመጣሁት ለልጄ ትምህርት ቤት ብዬ ነው። ትምህርት ቤቱ እውነትም ጥሩ ነው፣ እሱን አልክድም። ክፍያ የለውም ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ክፍያው ኪራዩ ውስጥ ነው ያለው። ጥሩ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ቤት ሁሉ ዋጋው ይሰቀላል፣ ወላጅ ደግሞ ለልጁ ሲል ወደኋላ አይልም። አከራዮችም ይህን ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ዓመት እንደምንም አለፈ። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ግን ከበሩ ስር አንድ ፖስታ ገባ። ከሥራ መግባቴ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቆሜ አነበብኩት። አንድ ገጽ ነው። ከላይ ምስጋና፣ ከታች ፊርማ፣ መሐል ላይ በወፍራም የተጻፈ አዲሱ ኪራይ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ ከጀርባዬ መጥታ «ደብዳቤው ከማን ነው?» አለችኝ። «ከቤቱ» አልኳት። «ቤት ይጽፋል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ እራት ላቀርብላት ሄድኩ። እሷ ስትበላ እኔ በልቻለሁ አልኳት። አልበላሁም ነበር።

ያን ማታ ደብተር አወጣሁ። ኪራይ ከላይ። ቀጥሎ መኪና። ቀጥሎ ከትምህርት ቤት በኋላ ልጄን የሚይዙልኝ ሰዎች ክፍያ። መብራት፣ ውሃ፣ ስልክ። የምግብ መስመር ከሁሉም በታች ነው ያረፈው። ደምሬ ስጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ኪራይ ላይ «ዘንድሮ ትንሽ ልቀንስ» አይባልም። ኢንሹራንስም እንደዚያው ነው። መቀነስ የሚቻለው ከታች ያሉት ላይ ብቻ ነው። ምግብ፣ ልብስ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጓደኛ። አዎ፣ ጓደኛም። ሰው ሲጠራኝ ባዶ እጄን መሄድ ስለማልወድ «ሥራ አለብኝ» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። ከዚያ ተውኝ።

መኪናውን ለብቻው ልንገርሽ። እኔ ስመጣ ያላሰብኩት እሱን ነው። የትልቁን ከተማ ኪራይ ሸሽቼ ወጪዬ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። እዚህ ግን ያለ መኪና ንቅንቅ የለም። ሱቁ ሩቅ ነው፣ ሐኪሙ ሩቅ ነው፣ አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ነው፣ ማታ ደግሞ በጊዜ ያቆማል። መኪና ሲባል ነዳጅ ብቻ አይምሰልሽ። ኢንሹራንስ አለ፣ ጎማ አለ፣ ዓመታዊ ምርመራ አለ፣ በየጊዜው የሚበላሽ ነገር አለ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት አልነሳ አለኝ። ቁልፉን ባዞረው «ቲክ» ብቻ ነው የሚለው። መካኒኩ የነገረኝን ዋጋ ስሰማ ደመወዝ እስኪደርስ ይቁም አልኩ። አሥራ አንድ ቀን በእግሬ ሥራ ሄድኩ። ርቀቱ አይደለም ያደከመኝ። የእግረኛ መንገድ የለም። አስፋልቱ ያልቅና ሣር ይጀምራል፣ ከሣሩ ቀጥሎ የሰው አጥር ነው። ጠዋት ሣሩ ጤዛ ይይዛል። ሥራ ስደርስ ካልሲዬ ይጨመቃል። መኪኖቹ አጠገቤ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፣ ሰዎቹ ዞር ብለው ያዩኛል። ክፋት የለባቸውም። እዚያ ቦታ በእግሩ የሚሄድ ሰው አይተው አያውቁም።

በእነዚያ ቀናት ማታ ማታ አውቶቡስ የምጠብቀው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ይሞቃል፣ ማንም ውጪ አይልሽም። እዚያ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የሌላ ነገር ነው የሚለውን ማወቅ ፈለግኩ።

ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ አይለፍ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እኔ የሊቅ ስሌት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን በሕግ የተቆረጠ ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤድዋርድ ብሩክ የሚባል ሴናተር በ1969 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ቤት የሚኖር ተከራይ ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ እንዳይከፍል የሚል ሕግ አስወጣ። በ1981 ወደ 30 ከፍ አደረጉት። ቁጥሩ ከዚያ ወጥቶ የሁሉ ሰው መለኪያ ሆነ። ቺካጎ ያለ ሴንተር ፎር ኔበርሁድ ቴክኖሎጂ የሚባል የጥናት ተቋም ደግሞ ቤት ብቻውን መለካት የለበትም ይላል። ቤትና መጓጓዣ አንድ ላይ ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ ካለፉ ቤቱ ውድ ነው። ይህን ሳነብ ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ኪራዩንና መኪናውን ደመርኩ። ከግማሽ በላይ ነው። ርካሽ ብዬ የመጣሁበት ቤት ርካሽ አልነበረም ማለት ነው። ቀሪውን በመኪናው በኩል ነበር ስከፍል የኖርኩት።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ውድ የሚሆነው መሬት ስላለቀ ብቻ ይመስልሻል? ብዙ ቦታ ሕጉ ራሱ ነው የሚያስወድደው። በአንድ መሬት ላይ ከአንድ ቤተሰብ ቤት በላይ መሥራት ክልክል ነው። ለየቤቱ ይህን ያህል የመኪና ማቆሚያ ይኑር ይባላል። መሬቱም ከዚህ ስፋት እንዳያንስ ይባላል። ክሊቭላንድ ዳር ያለች ዩክሊድ የምትባል ከተማ እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታ ተከስሳ ነበር። ክሱ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1926 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ረታች። የአብዛኛው ዳኛ ውሳኔ ውስጥ ምን የሚል ቃል እንዳለ ታውቂያለሽ? የመኖሪያ ቤቶች ሰፈር ውስጥ የሚሠራ የኪራይ ሕንፃ ብዙ ጊዜ ጥገኛ ተባይ ነው ይላል። ሌሎች ባሳመሩት ሰፈር የሚጠቀም ማለታቸው ነው። እኔ የምኖረው እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ ነው። ልጄ የምትተኛው እዚያ ነው። ቃሉን ሳነብ ደሜ ፈላ፣ አሁንም ሲነሳብኝ ይፈላል።

ጎረቤቶቼን አልጠላም፣ ይህን እወቂልኝ። ቤት ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን የከፈለበት ንብረቱ እንዳይረክስበት ይፈራል። ይገባኛል። ግን አዲስ ቤት ይሠራ በተባለ ቁጥር ስብሰባ ወጥተው «የሰፈራችን መልክ ይበላሻል» የሚሉት እነሱ ናቸው። ተከራዩ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ሥራው ላይ ነው። እናቶቻቸውን የሚንከባከቡት፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት፣ ቢሯቸውን የሚያጸዱት ሰዎች የት ይደሩ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ስብሰባው ውስጥ የለም።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልሽ ያደረገችኝ አንዲት ሴት ናት። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነው የተዋወቅነው። እዚህ ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው የምትመጣው፣ ለመሄጃ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለሻም እንደዚያው። ቼዛሬ ማርኬቲ የሚባል ጣሊያናዊ ፊዚክስ አዋቂ በ1994 እ.ኤ.አ. በጻፈው ላይ ሰው በየትም አገር፣ በየትኛውም ዘመን ለመንገድ የሚያጠፋው ጊዜ በቀን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ይላል። እሷ የምታጠፋው ሦስት ሰዓት ነው። ልጆቿ ሳይነሱ ትወጣለች፣ ተኝተው ትደርሳለች።

አንድ ማታ አውቶቡሱ ዘገየብን። ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ ደብተር አወጣችና በስልኳ መብራት ቁጥር ትጽፍ ጀመር። ገጹን አየሁት። ኪራይ ከላይ፣ ምግብ ከታች። የኔው ደብተር ነው! አላስችል ብሎኝ የኔን አወጣሁና አሳየኋት። ዝም ብለን ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም እንባ መጣብን። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ስንቶቻችን እዚያ ማቆሚያ ላይ ደብተራችንን ደብቀን እንደቆምን እግዜር ይወቀው።

ቤት እንደገባሁ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለማላውቃት ሴት ያሳየሁትን ላንቺ ሦስት ዓመት ደበቅኩሽ።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስልሽ። ኑ ወይም አትምጡ አልልሽም። ቤታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ ብሆን ኖሮ የማደርገውን ግን ልንገርሽ። ቤቱን እሁድ ቀን አትዩት፣ እሁድ ሁሉም መንገድ ባዶ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ከዚያ በር ወጥታችሁ እስከ ሥራው ድረስ ሂዱና ሰዓት ያዙ። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ። ከኪራዩ ላይ የሁለት መኪና ወጪ ደምሪበት፣ እዚያ አንድ መኪና ለሁለት ሠራተኛ አይበቃም። ልጆች የሚቆዩበት ቦታ ለማግኘት ተራ ይጠበቃል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ ከቤቱ በፊት እሱን ፈልጉ። ለመግባት የሚጠየቀው ደግሞ የአንድ ወር ኪራይ ብቻ አይደለም። መያዣ አለ፣ የማመልከቻ ክፍያ አለ፣ ባዶ ቤት መሙላት አለ።

ውሉን ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቢው። እኔ የፈረምኩት የመጀመሪያውን ገጽ አይቼ ነው። ኪራይ በየስንት ጊዜ ይጨምራል፣ ጣሪያ አለው ወይ፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፣ የመኪና ማቆሚያውና ቆሻሻው ለብቻ ይከፈላል ወይ። አንቺ የተጻፈ ነገር ስታነቢ ትታገሺ ነበር፣ እኔ ነኝ ችኩሏ።

ስለኔ አትጨነቂ። መኪናው ተሠርቷል። ከዚያች ሴት ጋር ደግሞ ማታ ማታ በኔ መኪና እስከ ሁለተኛው አውቶቡስ ድረስ እንሄዳለን፣ አርባ ደቂቃ ያተርፍላታል። እሷ ቅዳሜ ስሠራ ልጄን ትይዝልኛለች። ልጄ ወዳታለች። ሰሞኑን ሦስታችን ለስብሰባው ሄደን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አልተናገርንም፣ ግን ስማችንን መዝገቡ ላይ ጽፈናል። በሚቀጥለው ወር እኔ እናገራለሁ። የምለውን እየጻፍኩ ነው።

እሁድ ማታ ልጄ ስትተኛ እደውልልሻለሁ። ብትቆጪኝም አንሺው። ቤት አግኝታችሁ ከሆነ ደግሞ ሳትፈርሚ ውሉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ