ለሁለት መስመር ተከፍሎ አንዱ ብቻ ሲሠራ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ከጀመረ ወዲህ ከአንድ በላይ አቅራቢ መምረጥ ተችሏል። ሁለት የኢንተርኔት መስመር ያስገቡ ድርጅቶች አሉ፤ የሚያሳዝነው ሁለተኛው መስመር ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ መዋሉ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ፋይል መላክ አቅቶት ሲጨነቅ እንግዳው በዋይፋይ ቪዲዮ ያያል፤ ሁለቱም የሚሻሙት አንዱን መስመር ነው። ሌየር 3 ስዊች (መረጃን ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው ማሳለፍ የሚችል ስዊች) ያለው ድርጅት ይህን ለመፍታት አዲስ ራውተር መግዛት ላያስፈልገው ይችላል። ፖሊሲ ቤዝድ ራውቲንግ የሚባለው አሠራር በቂ ነው፤ በትክክል ከተሠራ።

ተራ ራውቲንግ (የመንገድ መረጣ) ፓኬቱን፣ ማለትም የሚላከውን የመረጃ ቁራጭ፣ «ወዴት ነህ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ወደ ውጭ የሚሄደው ሁሉ በዲፎልት ሩቱ፣ ማለትም ሌላ መንገድ ላልተሰጠው ሁሉ በተቀመጠው መንገድ፣ በአንድ በር ይወጣል። ፖሊሲው ግን «ከየት መጣህ?» ብሎም ይጠይቃል።

መጀመሪያ ዕቃው ይታይ። የሲስኮ ኩባንያ ስዊች የሆነው 2960 ይህን አይሠራም። ካታሊስት 3560 እና 3750 የተጫነባቸው ሶፍትዌር ከፈቀደ ይሠራሉ፤ ግን «ኤስዲኤም ፕሪፈር ራውቲንግ» የሚለው፣ የስዊቹን ሜሞሪ ለራውቲንግ የሚደለድለው ትእዛዝ ተሰጥቶ ስዊቹ ተነሥቶ መጀመር አለበት። ይህ ከተዘለለ ስዊቹ የፖሊሲውን ትእዛዝ የተቀበለ ይመስልና ኮንፊገሬሽኑ (የስዊቹ ቅንብር) ሲታይ መስመሩ የለም። ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ሠራተኞች በቪላን (በስዊቹ ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ) 10፣ እንግዶች በቪላን 20 (192.168.20.0) ላይ ናቸው እንበል። የፋይበሩ ሞደም 10.0.1.1፣ የገመድ አልባው 10.0.2.1 ነው፤ እያንዳንዱ ከስዊቹ ጋር በራሱ ቪላን ይገናኛል። ዲፎልት ሩቱ ወደ ፋይበሩ ይሁን። ከዚያ የ192.168.20.0 አድራሻዎችን የሚይዝ አክሰስ ሊስት (የአድራሻ መለያ ዝርዝር) ይጻፍ፤ ሩት ማፑም (ፖሊሲው የሚጻፍበት ደንብ) ያንን ሊስት አይቶ ኔክስት ሆፑን (ፓኬቱ ቀጥሎ የሚላክበትን አድራሻ) 10.0.2.1 ያድርገው። ሩት ማፑ የሚለጠፈው ፓኬቱ በሚገባበት በር፣ ማለትም ኢንተርፌስ ቪላን 20 ላይ ነው። በሞደሙ በኩል የለጠፈው ሰው ምንም ለውጥ አያይም።

የገመድ አልባው ሞደምም ይነገረው። 192.168.20.0 የት እንዳለ ስለማያውቅ መልሱን ወደ ስዊቹ፣ 10.0.2.2፣ የሚመልስ ስታቲክ ሩት (በእጅ የተጻፈ መንገድ) ይፈልጋል። አንዳንድ ርካሽ ሞደሞች ይህን አይቀበሉም፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ፖሊሲው የውስጡንም ትራፊክ ይዞ ይወጣል። የእንግዶቹ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው) በቢሮው ሰርቨር ላይ ከሆነ ጥያቄው ወደ ሞደሙ ሄዶ ይጠፋል፤ የውጭ የቁጥር አድራሻ ፒንግ ሲደረግ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ ሲሞከር) ይመልሳል፣ ድረ ገጽ ግን አይከፈትም። ለእንግዶች የውጭ ዲኤንኤስ መስጠት ይቀላል። የውስጡን ትራፊክ በአክሰስ ሊስቱ «ዲናይ» (ፖሊሲው አይመለከተውም) ብሎ ማስቀረትም ይቻላል፤ ሆኖም በ3560 እና 3750 ዓይነት ስዊቾች «ዲናይ» ያገኘው ፓኬት ወደ ሲፒዩ ስለሚላክ ስዊቹን ሊያንቀው ይችላል። በዚያ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት አለ።

ፍተሻው ከስዊቹ ላይ አይደረግም፤ ስዊቹ ራሱ የሚልከው ፓኬት በዚህ ፖሊሲ አያልፍም። በቪላን 20 ካለ ላፕቶፕ ትሬስራውት (ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን እርከኖች የሚያሳይ ፍተሻ) ሲደረግ ሁለተኛው እርከን 10.0.2.1 መሆን አለበት። የሩት ማፑ ቆጣሪ 0 ላይ ቢቀር አያስደነግጥ፤ ሥራውን የሚሠራው ሃርድዌሩ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይቆጥረውም። ኮንፊገሬሽኑም ወዲያው ይቀመጥ፤ አለዚያ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አብዝተን ማሳሰብ የምንፈልገው ስለ መቋረጥ ነው። የገመድ አልባው ሞደም ከጠፋ ስዊቹ ወደ ተራው ሩት ይመለሳል፤ የፋይበሩ ሞደምም 192.168.20.0 የት እንዳለ ከተነገረው እንግዳው በፋይበሩ ይወጣል። ሞደሙ በርቶ ከሞደሙ ወዲያ ያለው መስመር ከተቋረጠ ግን ስዊቹ አያውቅም። የሚያየው እስከ ሞደሙ ድረስ ብቻ ነውና ፓኬቱን መላኩን ይቀጥላል። ስለዚህ ስዊቹ የሚችል ከሆነ በአይፒ ኤስኤልኤ (መስመርን በየጊዜው በሚፈትሽ የስዊቹ ተግባር) በየ10 ሰከንዱ አንድ የውጭ አድራሻ ፒንግ ያድርግ፤ ኔክስት ሆፑም ከዚያ ውጤት ጋር በትራክ (ውጤቱን በሚከታተል ትእዛዝ) ይታሰር። የሚፈተነው አድራሻ በ10.0.2.1 ብቻ የሚያስወጣ የራሱ ስታቲክ ሩት ይኑረው። ካልሆነ ፒንጉ በፋይበሩ ወጥቶ የሞተውን መስመር «ደኅና ነው» ይላል። ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዲኤንኤስም ለዚህ አይመረጥ፤ መስመሩ ሲቋረጥ እነሱም አብረው ያጡታልና።

የድርጅት ኃላፊዎች ሥራውን ከመረከባቸው በፊት ባለሙያው የገመድ አልባውን ሞደም ሲም ካርድ፣ ወይም የውጭ አንቴናውን ገመድ፣ በፊታቸው ይንቀልላቸው። በስዊቹና በሞደሙ መካከል ያለውን ገመድ መንቀል ስለ ውጭው መስመር ምንም አያሳይም። በእንግዳው ስልክ ላይ ገጹ ከአንድ ደቂቃ በኋላም ካልተከፈተ ሥራው ገና አላለቀም።

የኔትወርክ ባለሙያዎች
ከድሬዳዋ